የርጭቱ ቀን ሳያልፍ መርካቶ የሚደርሰው ቲማቲም

ቲማቲም ከማሳ ተለቅሞ መርካቶ ጉሊት ላይ እስኪደረደር ድረስ ብዙ ጊዜ ሁለት ቀን እንኳን አይሞላም። ከሰዓት በኋላ በእንጨት ሳጥን ተሞልቶ አይሱዙ ላይ ይጫናል። መኪናው ሌሊቱን ሲጓዝ አድሮ ንጋት ላይ አዲስ አበባ ይገባል። አከፋፋዩ በሳጥን ይሸጠዋል፤ ቸርቻሪው ወደ ኪሎ ያወርደዋል፤ ለምሳ ሰዓት አዲስ ከተማ ክፍለ ከተማ ውስጥ ባለ አንድ ቤት ከቃሪያና ከሽንኩርት ጋር ተከትፎ፣ ሳይበስል ይቀርባል። ለገበያው ይህ ፍጥነት በረከት ነው፤ ቲማቲም በቶሎ ካልተሸጠ ይበሰብሳልና። ችግሩ ያለው ከጉዞው በፊት ነው። ማሳው ለመጨረሻ ጊዜ ኬሚካል የተረጨው መቼ ነበር?

ይህን ጥያቄ መርካቶ ውስጥ የሚጠይቅ ገዢ ማግኘት ያስቸግራል። ገዢው የሚያየው ሌላ ነገር ነው። ቆዳው ያብረቀርቃል ወይ? ነጥብ አለበት ወይ? ሲጫኑት ጠንከር ይላል ወይ? ትል የበላው ቅጠል ያለው ጎመን ወደ ጎን ይገፋል፤ አንዲት ጉድፍ የሌለበት ይመረጣል። ቸርቻሪዋም የተነጠበውን ቲማቲም በርካሽ መደብ ላይ ለይታ ታስቀምጣለች። ይህ ምርጫ ከመርካቶ ተነስቶ በደላላው ስልክ በኩል ፎገራ፣ ቆቦ፣ ሸዋ ሮቢት፣ ምንጃር፣ መቂና ዝዋይ ድረስ ይወርዳል። እዚያ ሲደርስ ትርጉሙ አንድ ነው፦ አንድ ጊዜ ጨምረህ ርጭ።

በጣሊያን ወረራ ዘመን ከአራዳ ወደ አሁኑ ቦታው እንዲዛወር የተደረገው የመርካቶ ገበያ የአትክልት ዋና ማራገፊያ ሆኖ አያውቅም። ያን ሥራ ለብዙ ዓመታት የያዘው ከመርካቶ ብዙም የማይርቀው የፒያሳው አትክልት ተራ ነበር። በ2012 ዓ.ም. የኮሮና ወረርሽኝ ሲመጣ ገበያው ወደ ጃን ሜዳ፣ በ2013 ዓ.ም. ደግሞ ወደ ኃይሌ ጋርመንት አካባቢ ተዛወረ። የማራገፊያው ቦታ ቢቀያየርም አንድ ነገር አልተቀየረም። ከተለያየ ወረዳ የመጣው ምርት አንድ ላይ ይፈስሳል፤ ከዚያ በኋላ የየትኛው አርሶ አደር ቲማቲም እንደሆነ የሚለይበት መንገድ የለም። በጥንቃቄ ያመረተውና ትናንት ረጭቶ ዛሬ የለቀመው በአንድ ሳጥን፣ በአንድ ዋጋ ይሸጣሉ። በጥንቃቄ ማምረት ዋጋ የማያስጨምር ከሆነ ደግሞ አርሶ አደሩ ስለምን ብሎ ይጠነቀቃል? የጉዳዩ እምብርት ይኸው ነው፤ “አርሶ አደሩ ግንዛቤ የለውም” በሚል አንድ ዓረፍተ ነገር የሚታለፍ አይደለም።

ቅሪት ምንድን ነው?

ቅሪት ማለት ፀረ-ተባይ፣ ፀረ-ፈንገስ ወይም ፀረ-አረም ኬሚካል ሥራውን ከሠራ በኋላ በምርቱ ላይ ወይም ውስጥ የሚቀረው መጠን ነው። ፀሐይ፣ ዝናብ፣ ሙቀትና የተክሉ የራሱ ዕድገት ኬሚካሉን ቀስ በቀስ ይሰባብሩታል፤ ያሳሱታል። ነገር ግን ጊዜ ይፈልጋል። ለምሳሌ አንድ ኬሚካል በ3 ቀን ግማሹ የሚጠፋ ነው እንበል። በ3ኛው ቀን ግማሹ፣ በ6ኛው ቀን ሩቡ፣ በ9ኛው ቀን ስምንተኛው እጅ ይቀራል። በተረጨ ማግስት የተለቀመ ቲማቲም ግን ከሞላ ጎደል ሙሉውን ይዞ መኪና ላይ ይወጣል። በአንድ ማሳ፣ በአንድ ኬሚካል፣ በአንድ መጠን የተረጨ ምርት አንዱ የሚበላ ሌላው የማይበላ የሚሆነው በዚህች የቀናት ልዩነት ብቻ ሊሆን ይችላል።

በኬሚካሉ መያዣ ላይ ከመጨረሻው ርጭት እስከ ለቀማ መቆየት ያለባቸው ቀናት ተጽፈው ይገኛሉ። ቀኑ እንደ ኬሚካሉና እንደ ሰብሉ ዓይነት ይለያያል፤ ለአንዱ ጥቂት ቀን፣ ለሌላው ሁለት ሳምንትና ከዚያም በላይ ነው። ለሽንኩርት የተጻፈው ለቲማቲም አይሠራም። ለጥጥ የተፈቀደ ኬሚካል ደግሞ ለጎመን ጭራሽ ቀን የለውም፤ ጎመን ላይ እንዲረጭ አልተፈቀደማ።

በምርቱ ላይ ሊኖር የሚችለው የቅሪት ጣሪያ በሚሊ ግራም በኪሎ ይለካል። ልኬቱን ወደ አርሶ አደሩ ቋንቋ ስንመልሰው፣ 1 ሚሊ ግራም በኪሎ ማለት 1 ግራም ኬሚካል በ10 ኩንታል ቲማቲም ውስጥ እንደ ማለት ነው። የአውሮፓ ኅብረት የተለየ ጣሪያ ላልተቀመጠላቸው ኬሚካሎች የሚጠቀምበት መነሻ ልክ 0.01 ሚሊ ግራም በኪሎ ነው፤ ይህም 1 ግራም በ1,000 ኩንታል ውስጥ ማለት ነው። የዓለም የምግብና የእርሻ ድርጅትና የዓለም ጤና ድርጅት በጋራ የሚመሩት፣ በ1963 እ.ኤ.አ. ሥራ የጀመረው ኮዴክስ የተባለው የምግብ ደረጃ ኮሚሽን ለየሰብሉና ለየኬሚካሉ ጣሪያ ያወጣል። በዓይን አይታይም፣ በሽታ አይታወቅም፤ ቤተ ሙከራ ይፈልጋል። ስለዚህም የመርካቶዋ ቸርቻሪ ትጠንቀቅ ቢባል እንኳን የምትለይበት ዘዴ የላትም።

ርጭቱን የሚያበዛው ማን ነው?

በአገራችን የቲማቲም አምራቾች ዘንድ የርጭት ልማድ የተቀየረበት ዓመት ይታወቃል። ከደቡብ አሜሪካ ተነስታ በ2006 እ.ኤ.አ. ስፔን የገባችው የቲማቲም ቅጠል ሰርሳሪ ትል በ2012 እ.ኤ.አ. ኢትዮጵያ ውስጥ ተገኘች። ሴቷ የእሳት እራት እስከ 260 ያህል እንቁላል ትጥላለች፤ አየሩ ከተስማማት በዓመት እስከ 10 እና 12 ትውልድ ልትፈጥር ትችላለች። ትሏ በቅጠሉ ሁለት ገጽ መካከል ገብታ፣ ከዚያም ፍሬውን ቀድዳ ስለምትኖር ላይ ላዩን የተረጨ ኬሚካል አያገኛትም። አርሶ አደሩ ሲረጭ አትሞትም፤ ስላልሞተች ይደግማል፤ ሲደጋግም ትለምደዋለች። በተለያዩ አገሮች ይህች ተባይ የቆዩትን የኬሚካል ዓይነቶች መቋቋሟ በጥናት ተረጋግጧል። በሽንኩርት ላይ ትሪፕስ የምትባለው ደቃቅ ነፍሳት፣ በክረምትና በደመና ወቅት ደግሞ የቲማቲምና የድንች ዋግ ተጨማሪ ርጭት ይጠይቃሉ። ስለዚህ ኬሚካሉን “ተው” ብቻ ማለት ማሳውን ለትል ማስረከብ መሆኑን አርሶ አደሩ ከማንም በላይ ያውቀዋል።

በማዕከላዊ ስምጥ ሸለቆ፣ ማለትም በዝዋይና በመቂ ዙሪያ ባሉ አነስተኛ የአትክልት አምራቾች ላይ ከኔዘርላንዱ ዋገኒንገን ዩኒቨርሲቲ ጋር የተሠራና በ2017 እ.ኤ.አ. የታተመ ጥናት፣ ኬሚካል አለአግባብ እንደሚቀመጥ፣ የጥንቃቄ መመሪያው እንደሚታለፍ፣ መከላከያ ልብስ እንደማይለበስና ባዶ ዕቃው በየቦታው እንደሚጣል አሳይቷል። ይህ የስምጥ ሸለቆ ብቻ ታሪክ አይደለም። በአማራ ክልል የመስኖ ቀበሌዎች የሚሠራ ማንኛውም የልማት ጣቢያ ሠራተኛ በየማሳው ዳር የሚያየው ነው። መለኪያው ብዙ ጊዜ የጠርሙሱ ክዳን ነው፤ “ለአንድ መርጫ ሁለት ክዳን” ይባላል፤ የክዳኑ ስፋት ግን ከጠርሙስ ጠርሙስ ይለያያል። ሁለትና ሦስት ኬሚካል በአንድ መርጫ መቀላቀልም የተለመደ ነው። የንግድ ስማቸው የተለያየ ሁለት ጠርሙሶች ውስጣቸው ያለው ንጥረ ነገር አንድ ሲሆን፣ አርሶ አደሩ ሁለት መድኃኒት የረጨ ይመስለዋል እንጂ የአንዱን እጥፍ ነው የረጨው።

“መድኃኒት” የሚለው ቃል ራሱ ያሳስታል። በገጠር “መድኃኒት ረጨሁ” ይባላል፤ ሱቁም “የመድኃኒት ሱቅ” ነው። መድኃኒት ሲበዛ ቶሎ ያድናል ብሎ ማሰብ ከቃሉ የሚወለድ ስሕተት ነው። ዕቃው ላይ ያለው የቀለም መስመር ግን ሌላ ነገር ይናገራል። ቀይ መስመር እጅግ አደገኛ፣ ቢጫ መካከለኛ አደጋ ያለው፣ ሰማያዊ ዝቅተኛ አደጋ ያለው፣ አረንጓዴ ደግሞ በአግባቡ ከተያዘ አጣዳፊ አደጋው አነስተኛ የሆነ ማለት ነው። ማንበብ የማይችል አርሶ አደርም ቀለሙን ያውቃል፤ የጎደለው ትርጉሙን የሚነግረው ሰው ነው። ከትልቅ ዕቃ ተቀድቶ በሃይላንድ ጠርሙስ የሚሸጥ ኬሚካል ደግሞ ቀለምም፣ ስምም፣ የመቆያ ቀንም የለውም። ገዢው ስለ ቀኑ ቢጠይቅ እንኳን የሚያነበው የለም።

የደላላው ድርሻ ብዙ ጊዜ ይዘለላል። የቲማቲም ዋጋ በሳምንት ውስጥ ይወጣል፣ ይወርዳል። ደላላው “ነገ መኪና አለ፣ ዋጋው ጥሩ ነው” ብሎ ሲደውል፣ ከትናንት ወዲያ የረጨው አርሶ አደር አምስት ቀን ልጠብቅ ቢል መኪናው ጎረቤቱ ዘንድ ይሄዳል፤ የእሱ ምርት ማሳ ላይ ይበሰብሳል። የመቆያ ቀኑን አርሶ አደሩ ቢያውቀው እንኳን የሚወስነው የጭነት ቀኑ ነው። በወረዳ ደረጃ ለአርሶ አደሩ የሚሰጠው ሥልጠና ደላላውንና የጭነት ባለቤቱን ካልጨመረ ግማሽ ሥራ ነው።

ጃፓን የመለሰችው ቡና

ቅሪት ሲገኝ ምን እንደሚከተል ኢትዮጵያ አንድ ጊዜ በደንብ አይታዋለች። በ2008 እ.ኤ.አ. ጃፓን ከኢትዮጵያ በሄደ ቡና ላይ ከተፈቀደው በላይ የፀረ-ተባይ ቅሪት አገኘች። ከተገኙት መካከል ሊንዴን የተባለው አሮጌ ኬሚካል ነበር። ጃፓን በዚያን ጊዜ ከኢትዮጵያ ቡና ዋነኛ ገዢዎች አንዷ ነበረች፤ ግዢው ባንድ ጊዜ አሽቆለቆለ። አብዛኛው የኢትዮጵያ ቡና ያለ ኬሚካል የሚመረት ሆኖ ሳለ ይህ መርዝ ከየት መጣ? ጥርጣሬው ያረፈው ከማሳው ይልቅ ቡናው በተሞላበት የጆንያ ከረጢት ላይ ነበር። ምርቱን ያላበላሸ አርሶ አደር በማሸጊያው ምክንያት ገበያ አጣ።

ከዚያ ወዲህ ለውጭ ገበያ በሚቀርብ ምርት ላይ ቁጥጥሩ ጠበቀ። የአበባና የአትክልት ላኪዎች የተረጨውን ኬሚካል፣ መጠኑንና ቀኑን በመዝገብ ይይዛሉ፤ ገዢው ካለ መዝገብ አይቀበላቸውምና። በአንድ ወረዳ ውስጥ፣ አንዳንዴም በአንድ የመስኖ ቦይ ግራና ቀኝ ለአውሮፓ የሚሄደው አቮካዶ መዝገብ አለው፤ ለመርካቶ የሚሄደው ቲማቲም ግን የለውም። ልዩነቱ ከአርሶ አደሩ ችሎታ ሳይሆን ከገዢው ጥያቄ የመጣ ነው።

የአገር ውስጥ ምግብም ሲመረመር ውጤቱ ባዶ አልሆነም። በ2011 እ.ኤ.አ. የታተመ ጥናት ከተለያዩ የአገሪቱ አካባቢዎች በተሰበሰቡ የጫት ናሙናዎች ላይ ዲዲቲና ዲያዚኖን አግኝቷል። በ2014 እ.ኤ.አ. የታተመ ሌላ ጥናት በጅማ ዞን ከበቆሎ፣ ከጤፍ፣ ከበርበሬና ከቡና ላይ የዲዲቲ፣ የኢንዶሰልፋን፣ የሳይፐርሜትሪንና የፐርሜትሪን ቅሪት መኖሩን አሳይቷል። ዲዲቲ ለወባ ትንኝ መከላከያ በቤት ግድግዳ ላይ እንዲረጭ የተፈቀደ ነበር እንጂ ለእርሻ አልነበረም። ከጤና ዘርፍ መጋዘን ወደ ማሳ የሚያሾልከው ቀዳዳ መኖሩን ጫቱ መሰከረ። ዲዲቲ በአፈር ውስጥ ዓመታት የሚቆይ በመሆኑ ዛሬ ማንም ባይረጨው እንኳን ትናንት የተረጨው በሰብል ላይ ሊገኝ ይችላል። ኢንዶሰልፋንም ቢሆን በ2011 እ.ኤ.አ. በስቶክሆልም ስምምነት ከዓለም እንዲወገድ ከተወሰነባቸው ኬሚካሎች አንዱ ነው። ኢትዮጵያ የዚህ ስምምነት አባል ናት። ክሎርፓይሪፎስ ደግሞ በ2025 እ.ኤ.አ. እዚያው ዝርዝር ውስጥ ገብቷል።

የምናለሽ ተራ ጀሪካን

መርካቶ ከአትክልቱ በተጨማሪ በሌላ በር ከዚህ ጉዳይ ጋር ይገናኛል። ምናለሽ ተራ ያገለገለ ጠርሙስ፣ ቆርቆሮና ጀሪካን ዳግም ዋጋ የሚያገኝበት ስፍራ ነው። ቁራሌው ከየሰፈሩ የለቀመው ዕቃ እዚህ ይሰበሰባል፤ ይታጠባል፤ ይሸጣል። ለከተማይቱ ትልቅ አገልግሎት ነው፤ ለብዙ ቤተሰብም እንጀራ ነው። ሆኖም ኬሚካል የነበረበት ባዶ ዕቃ በዚህ መንገድ ውስጥ ከገባ ማንም አይለየውም። ገጠር ውስጥም ጠንካራው የኬሚካል ጀሪካን ለውኃ፣ ለጠላ፣ ለዘይት ይፈለጋል። በሐምሌ 2013 እ.ኤ.አ. በሕንድ ቢሃር ግዛት 23 ተማሪዎች የትምህርት ቤት ምሳ በልተው የሞቱት ምግቡ ሞኖክሮቶፎስ በተባለ ፀረ-ተባይ በመበከሉ ነበር፤ ምንጩም በኬሚካል ዕቃ ውስጥ የተቀመጠ የምግብ ዘይት ነበር። ዘይቱ የተገዛው ለምግብ ነበር፤ ዕቃው ግን ያለፈ ታሪኩን ይዞ ቆየ።

መፍትሔው ቀላል ነው፤ ገንዘብ አይጠይቅም። ኬሚካሉ ሲያልቅ ዕቃውን ሩብ ያህል ውኃ ሞልቶ፣ ክዳኑን ዘግቶ 30 ሰከንድ መናጥና እጣቢውን እዚያው መርጫው ውስጥ መጨመር ነው። ይህን ሦስት ጊዜ ደጋግሞ ከዚያ ዕቃውን በሚስማር መብሳት። የተበሳ ጀሪካን ምናለሽ ተራ አይደርስም፤ ውኃ አይያዝበትምና። እጣቢው መርጫው ውስጥ ስለገባም አርሶ አደሩ የከፈለበት ኬሚካል አይባክንበትም። መርጫውን ወንዝ ዳር ማጠብ የሚባለው ልማድ ግን ከነአካቴው መቅረት አለበት፤ ከታች በኩል ከብት የሚጠጣው ያንኑ ውኃ ነው።

ቅሪቱ ከሸማቹ በፊት የሚያገኘው ረጪውን መሆኑም መዘንጋት የለበትም። ብዙ ኬሚካሎች የነርቭን ሥርዓት የሚያውኩ ናቸው። ምራቅ መብዛት፣ ላብ፣ የዓይን ብሌን መጥበብ፣ ማስታወክ፣ ራስ ምታትና የትንፋሽ እጥረት ምልክቶቹ ናቸው። በነፋስ አቅጣጫ ፊት ለፊት፣ በእኩለ ቀን ሙቀት፣ አፍና አፍንጫውን ሳይሸፍን ሲረጭ የዋለ ሰው ማታ “ራሴን አመመኝ” ብሎ ቢተኛ ድካም ላይሆን ይችላል። እንዲህ ያለ ሰው ልብሱ ወልቆ ገላው በውኃና በሳሙና መታጠብ አለበት፤ ወደ ጤና ጣቢያ ሲወሰድ የኬሚካሉ ዕቃ አብሮ መሄድ ይኖርበታል። ሐኪሙ የሚረዳው ስሙን ካየ ነው።

ማጠብ ምን ያህል ያድናል?

ሸማቹ የሚችለው አንድ ነገር ማጠብ ነው፤ ምን ያህል እንደሚረዳም ተለክቷል። በአሜሪካ ኮነቲከት ግዛት የእርሻ ምርምር ጣቢያ የተሠራ ጥናት ምርትን በቧንቧ ውኃ ማጠብ ከተመረመሩ 12 ኬሚካሎች የ9ኙን ቅሪት እንደሚቀንስ አሳይቷል። የቀሩት፣ ክሎርፓይሪፎስን ጨምሮ፣ በውኃ አልወጡም። በ2017 እ.ኤ.አ. በማሳቹሴትስ ዩኒቨርሲቲ በተሠራ ሌላ ሙከራ ደግሞ ፖም ከቧንቧ ውኃ ይልቅ በቤኪንግ ሶዳ ውኃ ከ12 እስከ 15 ደቂቃ ሲዘፈዘፍ ከቆዳው ላይ ያለው ኬሚካል በተሻለ ይለቃል። ሆኖም ወደ ቆዳው ውስጥ የገባውን ሶዳውም አላወጣውም። ተክሉ በሥሩና በቅጠሉ መጥጦ በውስጡ የሚያዘዋውረውን ኬሚካል ማንም እጥበት አይነካውም፤ እዚህ ላይ የሚያድነው የመቆያው ቀን ብቻ ነው። ለቡና የተሻለ ዜና አለ። በኢትዮጵያ ቡና ላይ የተደረገ ምርመራ ማጠቡ ቅሪቱን እንደሚቀንስ፣ መቁላቱ ደግሞ አብልጦ እንደሚያጠፋው አረጋግጧል። ሙዝ፣ ማንጎና አቮካዶ በልጣጫቸው ይታደጋሉ። ጎመን ከላይ ያሉትን ቅጠሎች ማንሳት ይጠቅመዋል። ከነቆዳቸው፣ ጥሬያቸውን የሚበሉት ቲማቲም፣ ሰላጣና ቃሪያ ግን ወለል ብለው የተጋለጡ ናቸው፤ በጾም ወራት ደግሞ በብዛት የሚፈለጉት እነሱ ናቸው።

ሸማቹ የሚያደናግራቸው ሁለት ነገሮች አሉ። ሙዝ በመጋዘን በኬሮሲን ጭስ ማብሰል ራሱን የቻለ ችግር ነው፤ የፀረ-ተባይ ቅሪት ግን አይደለም። በአቃቂ ወንዝ ውኃ የሚለማ አትክልት ላይ የሚነሳው የከባድ ብረታት ሥጋትም እንዲሁ ሌላ ጉዳይ ነው። ሁሉንም “ኬሚካል” ብሎ መጥራት ተጠያቂውን ያጠፋዋል።

ሕጉና የወረዳው ድርሻ

ሕግ አልጠፋም። በደርግ የመጨረሻ ዓመታት የወጣውን ልዩ ድንጋጌ የተካው የፀረ-ተባይ ምዝገባና ቁጥጥር አዋጅ ቁጥር 674/2002 ያልተመዘገበ ኬሚካል እንዳይገባ፣ እንዳይሸጥና ጥቅም ላይ እንዳይውል ይከለክላል፤ ነጋዴውም የብቃት ማረጋገጫ እንዲኖረው ያዛል። የምግብና የመድኃኒት አስተዳደር አዋጅ ቁጥር 1112/2011 ደግሞ የምግብን ደኅንነት ይመለከታል። ስለዚህ ኬሚካሉ ጠርሙስ ውስጥ ሳለ የኢትዮጵያ ግብርና ባለሥልጣን፣ ምግብ ሲሆን የምግብና መድኃኒት ባለሥልጣን ይመለከተዋል። ማሳው ላይ፣ ማለትም ከጠርሙስ ወደ ምግብ በሚሻገርበት ቦታ ያለው የወረዳው ግብርና ጽሕፈት ቤት ነው። የቤተ ሙከራ መሣሪያ ውድ ነው፤ ወረዳ ሊኖረው አይችልም። ነገር ግን የሃይላንድ ጠርሙስ ውስጥ ያለ ኬሚካል ለመያዝ ቤተ ሙከራ አያስፈልግም። በገበያ ቀን ወጥቶ ማየት ይበቃል። ሥልጠናው በዓመት አንድ ጊዜ በአዳራሽ ከሚሆን፣ የመስኖ ወቅት ሲጀመር ኬሚካል ሻጩ ሱቅ በር ላይ ቢሆን ይሻላል። ብዙ አርሶ አደር ምክር የሚያገኘው ከዚያው ከሻጩ ነውና፤ ሻጩ ደግሞ የሚጠቅመው ብዙ ሲሸጥ ነው።

ያነሰ ርጭት የሚቻል መሆኑን ያሳዩም አሉ። በአርባ ምንጭ አካባቢ የጥጥ አምራቾች ከፔስቲሳይድ አክሽን ኔክሰስ አሶሴሽን ኢትዮጵያ ጋር በመሆን ተባይን የሚበሉ ጠቃሚ ነፍሳትን የሚስብ የምግብ ርጭት ተለማምደው ያለ ኬሚካል ጥጥ አምርተዋል። ለቲማቲም ቅጠል ሰርሳሪ ደግሞ ወንዱን የእሳት እራት በሽታ የሚስብ ወጥመድ አለ፤ ወጥመዱ ተባዩን ባይጨርሰውም መቼ እንደመጣ ይነግራል። የታመመውን ቅጠልና ፍሬ ሰብስቦ መቅበር፣ ቲማቲምን በቲማቲም ወይም በድንች ላይ ደጋግሞ አለመዝራት፣ ለቀማው ሲያበቃ አገዳውን ነቅሎ ማስወገድ የድሮ ምክር ነው። አሰልቺ ቢመስልም ይሠራል።

ሽንኩርትና ቲማቲም በዚህ ጉዳይ እኩል አይደሉም። ሽንኩርት አንድ ጊዜ ይነቀላል፤ ቅጠሉ ሲወድቅ ርጭት መቆም ይችላል፤ ተነቅሎም አንገቱ እስኪደርቅ ቀናት ይሰጣል፤ የላይኛው ቅርፊቱም ይጣላል። ለፋሲካ ገበያ የሚደርሰው የመስኖ ሽንኩርት የመጨረሻውን ርጭት ወደ ኋላ መልሶ መቁጠር አይከብደውም። ቲማቲም ግን በየጥቂት ቀኑ፣ ለሳምንታት ይለቀማል። በሁለት ለቀማ መካከል ሁለት ሳምንት የሚያስጠብቅ ኬሚካል የረጨ አርሶ አደር ሕጉን ማክበር ቢፈልግም አይችልም። ስለዚህ ውሳኔው ለቀማው ከመጀመሩ በፊት መሰጠት አለበት። ረጅም የመቆያ ቀን ያላቸው ኬሚካሎች አበባው ፍሬ ሳይቋጥር ያበቃሉ፤ ለቀማ ከተጀመረ በኋላ ግድ ከሆነ ለቲማቲም የተመዘገበና የመቆያ ቀኑ ከሁለት ለቀማ መካከል የሚያንስ ብቻ ይመረጣል። ጠዋት ይለቀማል፣ ከለቀማው በኋላ ማምሻ ላይ ይረጫል፤ ተረጭቶ አይለቀምም። የልማት ጣቢያ ሠራተኛው ከአርሶ አደሩ ጋር ቁጭ ብሎ ይህን ቅደም ተከተል ችግኙ በሚዛወርበት ሳምንት በአንድ ገጽ ደብተር ላይ ቢያሰፍር፣ ደላላው የሚደውልበት ቀን ሲደርስ አርሶ አደሩ የሚያየው ወረቀት ይኖረዋል።